ክላናድ፦ የኮረብታው ትምህርት ቤትና የምሥራቅ አዲስ አበባ ልጆች

በ1924 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የንጉሠ ነገሥቱ ልዩ መልእክተኛ ሆነው፥ ባሕር ተሻግረው ወደ ጃፓን በሄዱ ጊዜ፥ በዐይናቸው አይተው ለሀገራቸው ሰው ሊያስረዱ የፈለጉት ነገር፥ አንድ ጥንታዊ መንግሥት የአባቶቹን ልማድ ሳይጥል የአዲሱን ዘመን ጥበብ እንዴት ሊይዝ እንደ ቻለ ነበር፤ ከጉዟቸውም ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያ ዘመን የነበሩ ሊቃውንትና መኳንንት ጃፓንን እንደ አርአያ ይመለከቷት ስለ ነበር፥ የ1923ቱ ሕገ መንግሥታችን እንኳ ሲጻፍ የጃፓን ሕገ መንግሥት በጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር። አበው ከዚያች ሀገር የፈለጉት የመንግሥትን ሥርዐትና የፋብሪካን ጥበብ ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ከዚያው ሀገር ማንም ሳይልካቸው ያገኙት ነገር ግን ከዚህ እጅግ የተለየ በመሆኑ፥ ሊታሰብበትና ሊመረመር የሚገባ ይመስለኛል።

በገርጂ፥ በሰሚት፥ በሲኤምሲና በአያት ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ፥ ወላጆች ሥራ ውለው በደከመ ጉልበት እስከ አራተኛ ፎቅ ደረጃ ወጥተው በራቸውን ሲከፍቱ፥ ልጃቸው በስልኩ ላይ ጎንበስ ብሎ፥ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ፥ ወላጆቹ ስማቸውን አጥርተው ሊጠሩ የማይችሏቸው የጃፓን ተማሪዎች ስለ ወዳጅነት፥ ስለ ኀፍረት፥ ስለ ፍቅርና ስለ ሞት ሲነጋገሩ እያየ፥ ዐይኑ ዕንባ አቅርሮ ያገኙታል። ቀድሞ ልጆች ይህን አኒሜ የሚባለውን ትርኢት ከየፊልም ቤቱ በፍላሽ ያስገለብጡት ነበር፤ አሁን በቴሌግራም እያወረዱ፥ በእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ እየተረዱ፥ እርስ በርሳቸውም እየተቀባበሉ ያዩታል። ብዙ ወላጅ «ይህን ያህል አድጎ ካርቱን ያያል» ብሎ ያዝናል። እኔም የወንድሜ ልጅ፥ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፥ «አጎቴ፥ ይህን አንድ ብቻ እይልኝ» ብሎ ስለ ለመነኝ አብሬው ተቀምጬ «ክላናድ» የተባለውን ትርኢት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካየሁ በኋላ፥ ወላጆች ስለማያውቁት ነገር እንዳያዝኑ፥ ወይም ካዘኑም ዐውቀው እንዲያዝኑ፥ ነገሩን በሰፊው ልተርክላቸው ተነሣሁ።

አኒሜ በጃፓን ሀገር የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲሆን፥ ለሕፃናት ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ የጦርነት አለ፥ የመናፍስት አለ፥ የስፖርት አለ፥ ለአዋቂ ብቻ የተዘጋጀና ልጅ ሊያየው የማይገባም አለ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1963 ኦሳሙ ቴዙካ የተባለው ሰው «አስትሮ ቦይ» የተሰኘውን ታሪክ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ማሳየት በጀመረ ጊዜ፥ ገንዘቡ ትንሽ፥ ቀኑም አጭር ስለ ነበረበት፥ ሥዕሎቹን ሁሉ ከማንቀሳቀስ ይልቅ አንዱን ሥዕል አቁሞ፥ ዐይንን ብቻ ወይም እጅን ብቻ ወይም ከመስኮት ውጭ ያለውን ሰማይ ማሳየትን ዘዴ አድርጎ ያዘ። ከድኽነት የተወለደው ይህ ዘዴ ውሎ አድሮ ታላቅ ጥበብ ሆነ፤ ምክንያቱም ሥዕሉ በቆመበት ጊዜ ተመልካቹ የሰውየውን ዝምታ ለመስማት ፋታ ያገኛል። ስለ ትምህርት ቤት ኑሮ የሚተርኩት አኒሜዎች ኀይላቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው ከዚህ ከዝምታው ነው።

«ክላናድ» መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2004 ኪይ በተባለ ድርጅት ተዘጋጅቶ የወጣ፥ በኮምፒዩተር የሚነበብ፥ ሥዕልና ዜማ የታከለበት ረጅም የታሪክ ጨዋታ ሲሆን፥ ዋናው ደራሲ ጁን ማኤዳ ነው። በኋላ ኪዮቶ አኒሜሽን የተባለው ስቱዲዮ፥ ታትሱያ ኢሺሃራ አዘጋጅ፥ ፉሚሂኮ ሺሞ የድርሰቱ አቀናባሪ ሆነው፥ የመጀመሪያውን ሲዝን ከ2007 እስከ 2008፥ «አፍተር ስቶሪ» የተባለውን ሁለተኛውን ሲዝን ደግሞ ከ2008 እስከ 2009 ለቴሌቪዥን አቀረቡት። ያው 2004 በእኛ አቈጣጠር 1996 ዓ.ም. ሲሆን፥ በቦሌ ገርጂ የመጀመሪያው የሙከራ ኮንዶሚኒየም የተጀመረው በዚያ ጊዜ ነበርና፥ ስለምትለዋወጥ ከተማ የተጻፈው የጃፓኑ ታሪክና የእኛ ከተማ የመለወጥ ታሪክ ዕድሜያቸው እኩል ሆኖ መገኘቱ፥ አጋጣሚ ቢሆንም ልብ የሚስብ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቶሞያ ኦካዛኪ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሲሆን፥ ትምህርት የሚጠላ፥ ሁልጊዜ አርፍዶ የሚመጣ፥ መምህራን ተስፋ የቈረጡበት ወጣት ነው። እናቱ በሕፃንነቱ በአደጋ ሞታለች። አባቱ ናኦዩኪ በኀዘን ምክንያት መጠጥና ቍማር ይዞ ኖሯል፤ አንድ ቀንም አባትና ልጅ ተጣልተው ልጁ ትከሻው ስለ ተጐዳ፥ ቀኝ እጁን ከትከሻው በላይ ማንሣት ተስኖት፥ ወደዚያ ትምህርት ቤት ያስገባው የነበረውን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ለዘለዓለም ተወ። ከዚያ በኋላ አባትዮው ልጁን አይቈጣውም፥ አይመክረውም፥ አይመታውም፤ እንደ አንድ ሩቅ እንግዳ በጨዋነት ያነጋግረዋል እንጂ። በእኛም ሀገር አባት ልጁን ሲሰድበው ገና ተስፋ እንዳለ፥ በትሕትና ሲያነጋግረው ግን ነገሩ እንዳበቃ የሚያውቅ ሰው ሁሉ፥ የዚህ ልጅ ቍስል ምን ያህል ጥልቅ እንደ ሆነ ሳይነገረው ይገባዋል።

ይህ ቶሞያ አንድ የሚያዝያ ጧት በቼሪ ዛፎች መካከል ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያወጣውን ኮረብታ ሊወጣ ሲል፥ ከኮረብታው ሥር ቆማ፥ አንድ እርምጃ እንኳ ለመራመድ ድፍረት አጥታ፥ ብቻዋን የምትናገር ናጊሳ ፉሩካዋ የተባለች ልጅ ያገኛል። ናጊሳ ሕመምተኛ በመሆኗ አብዛኛውን ዓመት ከትምህርት ቀርታ ክፍል ደግማለች፤ ጓደኞቿ ሁሉ ተመርቀው ሄደዋል፤ የምትወዳቸው ነገሮች እየተለወጡ ሲሄዱ ቦታውን እንደ ቀድሞው መውደድ ይቻል እንደ ሆነ ራሷን ትጠይቃለች። ከዚህ ከአንዲት ደጋሚ ተማሪ ጥያቄ ተነሥቶ ነው ታሪኩ ሁሉ የሚፈሰው።

ለዚህ ሥራ እንግዳ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚያስቸግረው የዐይኖቹ ትልቅነት ነው፤ እኔንም አስቸግሮኝ ነበር። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያናችን ሠዓልያን ጻድቁን ሰው ሲሥሉ ፊቱን ወደ ምእመናን መልሰው ሁለቱን ዐይኖቹን አስፍተው፥ ከሓዲውንና ሰይጣኑን ግን በአንድ ወገን አንድ ዐይን ብቻ አሳይተው እንደሚሥሉ ላሰበ፥ ዐይንን የነፍስ በር አድርጎ ማስፋት ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ ሥርዐት አይደለም። በቦሌ መድኃኔ ዓለም ቅዳሴ ያስቀደሰ ወጣት ከሰዓት በኋላ እነዚህን ሰፋፊ ዐይኖች ሲያይ ያልተደናገጠው ስለዚህ ይሆናል።

የመጀመሪያው ሲዝን ስለ ናጊሳና ቶሞያ ብቻ የሚተርክ አይደለም፤ የትምህርት ቤታቸውን የድራማ ክበብ እንደ ገና ለማቋቋም ሲጥሩ የሚያገኟቸው ልጆች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መከራ ይዘው ይመጣሉ። ከእነዚህ መካከል እኔን ይበልጥ የነካኝ የፉኮ ኢቡኪ ታሪክ ነው። ፉኮ በመኪና አደጋ ተጐድታ ራሷን ሳታውቅ በሆስፒታል ተኝታ ሳለች፥ አምሳሏ በትምህርት ቤቱ ውስጥ እየተመላለሰ፥ ከእንጨት የባሕር ኮከብ እየፈለፈለ ለተማሪዎቹ ሁሉ ያድላል፤ ምኞቷም ሌላ አይደለም፥ በእርሷ መታመም ምክንያት ሠርጓን ያዘገየችው እኅቷ ኮኮ ስታገባ፥ ብዙ ሰው እንዲገኝላትና ደስ እንዲላት ነው። እያደር ግን ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ፉኮን ይረሷታል፤ ትናንት ስሟን የጠራት ዛሬ በአጠገቧ ሳያያት ያልፋል፤ በመጨረሻም ቶሞያና ናጊሳ ራሳቸው ይረሷታል። ሆኖም በሠርጉ ቀን ማን እንደ ሰጣቸው የማያውቁትን የእንጨት ኮከብ በእጃቸው የያዙ ተማሪዎች ከየአቅጣጫው መጥተው ግቢውን ይሞሉታል። ሙታኑን በስም እየጠራ የሚጸልይ፥ በሰባት፥ በዐሥራ ሁለት፥ በአርባ፥ በሰማንያ፥ በመንፈቅና በዓመት ተዝካር የሚያወጣ ሕዝብ፥ መረሳት ከመሞት የከፋ መሆኑን ይህች ልጅ ስታሳየው ያለ አስተርጓሚ ይረዳል።

ኮቶሚ ኢቺኖሴ ደግሞ የሁለት ሊቃውንት ልጅ ስትሆን፥ ወላጆቿ በአውሮፕላን አደጋ የሞቱባት፥ ከዚያም ወዲህ በመጻሕፍት ቤት ውስጥ ተዘግታ የቀረች ተማሪ ናት። አባቷ በሞት ሰዓት የዘመናት የምርምር ወረቀቱን ጥሎ በሻንጣው ውስጥ ለልደቷ የገዛላትን አሻንጉሊት አስቀምጦ ኖሮ፥ ሻንጣው በባሕር ተንሳፍፎ፥ ከአንድ ሀገር ሰው ወደ ሌላ ሀገር ሰው እየተላለፈ፥ ከብዙ ዓመት በኋላ በእጇ ይገባል። ስለ ሌሎቹ፥ ማለት ስለ መንትዮቹ እኅትማማች፥ ስለ ተማሪዎች መማክርት ፕሬዚዳንቷ ስለ ቶሞዮ፥ ከእግር ኳስ ቡድን ስለ ተባረረው ስለ ሱኖሃራ አሁን አልዘረዝርም።

ይልቅስ ወላጆች በተለይ እንዲያዩት የምፈልገው የመጀመሪያው ሲዝን ሊያልቅ ሲል የሚመጣውን የድራማ ክበቡን የመድረክ ቀን ነው። የናጊሳ አባት አኪዮ በወጣትነቱ ተዋናይ፥ እናቷ ሳናኤ መምህርት ነበሩ፤ ሁለቱም በሥራ ሲደክሙ ሕፃኗ ናጊሳ ታምማ በበረዶ ላይ ስትጠብቃቸው ልትሞት ስለ ነበር፥ ሕልማቸውን ትተው፥ ከልጃቸው እንዳይለዩ በቤታቸው ዳቦ ቤት ከፍተው መኖር ጀመሩ። ይህን ምስጢር እስከዚያ ደብቀውት የኖሩትን ናጊሳ በትርኢቱ ዋዜማ ታውቀውና፥ «የወላጆቼን ሕይወት ያበላሸሁ እኔ ነኝ» በሚል ኀዘን ተይዛ፥ በመድረክ ላይ ቆማ ቃል ሳይወጣት ታለቅሳለች። አባቷ ከአዳራሹ በር ሮጦ ገብቶ፥ ሕልማቸው እንዳልሞተ፥ ወደ እርሷ እንደ ተሻገረ በታላቅ ድምፅ ይነግራታል። በእኛ ከተማ የሱቁን መደርደሪያ፥ የታክሲውን መሪ፥ የዐረብ ሀገርን ስደት ለልጁ ትምህርት ሲል የተሸከመ ወላጅ ስንት ነው? ልጁም ያንን ሸክም እያየ በልቡ የሚከሰስ፥ ነገር ግን ለመናገር የሚያፍር ስንት ነው? ይህ አንድ ትዕይንት በሁለቱ መካከል ያለውን ዝምታ ሊሰብር የሚችል ነው፤ በእኔና በወንድሜ ልጅ መካከል እንደዚያ ሆኗል።

ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስናወራ፥ በዚሁ በምሥራቁ የከተማችን ወገን በኮተቤ፥ በ1935 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስታወስ ይገባል። በዚያ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆች በአዳሪነት አብረው በልተው፥ አብረው አጥንተው፥ አብረው ታምመው ስላደጉ፥ ወዳጅነታቸው የዕድሜ ልክ ነበር። ዛሬ ትምህርት ቤት በዝቷል፥ ተማሪውም ሊቈጠር ከማይችልበት ደርሷል፤ ነገር ግን የዚህ ዕድሜ ዋጋ በልባችን እየጠበበ መጥቶ፥ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉት ዓመታት ሁሉ ወደ አንድ ፈተና የሚያደርስ ድልድይ ብቻ መስለው ይታዩናል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ተማሪው ከቤቱ ርቆ በዩኒቨርሲቲ ግቢ አድሮ መፈተን ጀመረ፤ በዚያ ዙር ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ዘጠና ስድስት ከመቶ የሚበልጡት በዚያች የወጣትነት ዕድሜያቸው ያዩት፥ የወደዱት፥ የፈሩት፥ የተጸጸቱበት ነገር ሁሉ ከውጤቱ ወረቀት ጋር አብሮ ይጣል ይሆን? የቶሞያና የናጊሳ ታሪክ ለልጆቻችን የሚጥመው፥ ፈተና ያላለፈውን፥ የታመመውን፥ ክፍል የደገመውን ተማሪ በክብር ስለሚያነሣው ነው። ናጊሳ በሁለተኛው ሲዝን እንደ ገና ታምማ ዓመቱን ካጣች በኋላ፥ ከሌሎቹ ጋር መመረቅ ባለመቻሏ ቀድመው የወጡ ጓደኞቿ፥ ወላጆቿና አሮጌው መምህሯ ተሰብስበው፥ በዚያው ኮረብታ ላይ ለእርሷ ብቻ የምርቃት ሥነ ሥርዐት ያደርጉላታል። ምርቃትን በድንኳንና በጭፈራ የሚያከብር የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲያይ ዝም ብሎ ሊቀመጥ አይችልም።

ሁለተኛው ሲዝን የሚበልጠው ግን በሌላ ነገር ነው። አብዛኞቹ የትምህርት ቤት አኒሜዎች ወንዱና ሴቲቱ ፍቅራቸውን ሲገልጡ ያልቃሉ፤ «አፍተር ስቶሪ» ግን ሌሎቹ ካበቁበት ይጀምራል። ቶሞያ ከትምህርት ቤት ወጥቶ፥ የኮኮ ባል ከሆነው፥ ቀድሞ ስመ ጥር ዘፋኝ ከነበረው ከዩስኬ ዮሺኖ ጋር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ይቀጠራል፤ መሰላል ተሸክሞ፥ እጁ ቈስሎ፥ የመንገድ መብራት ሲያበራ ይውላል፤ የተሻለ ሥራ ሊያገኝ በተቃረበበት ቀን አባቱ በመታሰሩ ምክንያት ዕድሉ ያመልጠዋል፤ በትንሽ ደመወዝ ጠባብ ቤት ተከራይቶ ናጊሳን ያገባል። በገርጂ ወይም በጎሮ በአንድ ክፍል ቤት ኑሮ የጀመሩ ባልና ሚስት ራሳቸውን ያዩበታል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ከተማዋ ትለወጣለች። ልጆች ይጫወቱበት የነበረው ዛፍና መስክ ተቈርጦ ሆስፒታል ይሠራበታል፤ ሆስፒታሉ መልካም ነገር መሆኑን ማንም አይክድም፥ ዛፉም መሄዱ እውነት ነው፤ ትርኢቱ ከሁለቱ አንዱን ሳይሸፍን ይዟቸው ይሄዳል። እንግዲህ እኛ ይህን ስናይ የት እንደምንኖር እናስታውስ። የዛሬው ሰሚት፥ ቦሌ ቡልቡላ፥ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ የትናንት የገበሬ ማሳ ናቸው። ከመሀል ከተማ ዕጣ ደርሷቸው ወይም ሠፈራቸው ፈርሶባቸው የመጡ ሰዎች፥ ዕድራቸውን፥ የቡና ጓደኛቸውን፥ ንስሐ አባታቸውን በሩቅ ትተው፥ በማያውቁት ብሎክ ማንነቱን ከማያውቁት ጎረቤት ጋር ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ፤ ልጆቹም በአዲስ ትምህርት ቤት ማንም ሳያውቃቸው ይገባሉ። ናጊሳ ከኮረብታው ሥር የጠየቀችው ጥያቄ ለአንድ የአራብሳ ተማሪ የዕለት ጥያቄው ነው። «ክላናድ» የሚሰጠውም መልስ ቀላል ማጽናኛ ሳይሆን ሥራ ነው፤ አኪዮ በመናፈሻው ከሠፈሩ ልጆች ጋር ኳስ ይጫወታል፥ ሳናኤ በቤቷ የጎረቤት ልጆችን ታስጠናለች፥ ቶሞያ የጨለመውን መንገድ መብራት ያበራል፤ ከተማው ቤተ ሰብ የሚሆነው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። በኮንዶሚኒየሞቻችንም የብሎክ ዕድር አቋቁመው፥ የሐዘንተኛውን ድንኳን በጠባቡ ግቢ የሚተክሉ ሰዎች የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን መናገር ታሪኩን አስቀድሞ መግለጥ ቢሆንም፥ ሳልናገር ባልፍ ግን የትርኢቱን ልብ አስቀራለሁ። ናጊሳ በክረምት በረዶ ምክንያት ሐኪም ቤት ሳትደርስ በቤቷ ሴት ልጅ ወልዳ ትሞታለች። ቶሞያም ሕፃኗን ኡሺዮን ለአያቶቿ ትቶ፥ በመጠጥና በሥራ ራሱን አደንዝዞ አምስት ዓመት ይኖራል፤ ሳያውቀውም የጠላውን አባቱን ይሆናል። ሳናኤ በዘዴ አባትና ልጅ ብቻቸውን እንዲጓዙ ታደርጋቸዋለች፤ በጉዞው ላይ ቶሞያ ለልጁ ትንሽ የሮቦት መጫወቻ ይገዛላታል። በባሕር ዳር ባለ የአበባ መስክ ላይ ከአባቱ እናት ጋር ይገናኛሉ። አሮጊቷ ሺኖ፥ ናኦዩኪ ሚስቱን በወጣትነቱ ካጣ በኋላ ትንሹን ልጁን በእጁ ይዞ በዚያ መንገድ እንደ ሄደ፥ ልጁን ላለመስጠት እንደ ማለ፥ ሥራውን፥ ዕድሉን፥ ወዳጆቹን ሁሉ እያጣ ይህን አንድ ልጅ እንዳሳደገ ትተርክለታለች። ቶሞያ የረሳው ነገር ይመለስለታል፤ በትልቅ እጅ ተይዞ የሄደበት መንገድ፥ የተገዛለት ከረሜላ። በዚያ መስክ ላይ ኡሺዮ ያ መጫወቻ ጠፍቶባት ስትፈልግ ውላ፥ ሌላ እገዛልሻለሁ ቢላት፥ ያ መጫወቻ አባቷ የሰጣት የመጀመሪያው ነገር ስለ ሆነ ምትክ እንደ ሌለው ትነግረዋለች። ልጅቷ አያቷ ሳናኤ በአባቷ እቅፍ ማልቀስ እንደሚፈቀድላት ያስተማረቻትን ታስታውስና በዚያ ታለቅሳለች፤ እርሱም አብሯት ያለቅሳል።

በኋላ ቶሞያ ወደ አባቱ ሄዶ፥ አሁን ደክሞሃል፥ ወደ እናትህ ተመለስና ዕረፍ ብሎ ይለምነዋል። እኔ ከጠቅላላው ትርኢት የላቀ ሥፍራ የምሰጠው ለዚህ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ይቅርታው «ጥፋት አልነበረህም» በሚል ማታለል ላይ አልተመሠረተም። አባቱ ልጁን ጐድቶታል፤ ትከሻው አልዳነም፤ ነገር ግን ልጁ የአባቱን ሸክም ራሱ ተሸክሞ ካየው በኋላ ሊፈርድበት አልቻለም። በእኛ ሀገር ልጅ በጐልማሳነቱ ሽማግሌ ልኮ ከአባቱ ጋር የሚታረቅበት፥ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚጠይቅበት ሥርዐት ነበረ፤ በአንዳንድ ሥፍራም አለ። ልጆቻችን ያንን ሥርዐት ባያዩት እንኳ መንፈሱን በዚህ ሥዕል ውስጥ አግኝተውታል።

የመጨረሻው ክፍል ብዙ ተመልካችን ያከራክራል። ኡሺዮም እንደ እናቷ ታምማ ከሞተች በኋላ፥ በከተማው የነበሩ ሰዎች ደስ ሲላቸው የተገኙት የብርሃን ነጠብጣቦች ተሰብስበው፥ ታሪኩ ወደ ኋላ ተመልሶ ናጊሳ በሕይወት ትገኛለች። አንዳንዶች ይህን ሐዘናችንን ሐሰት አደረገው ይላሉ። ተአምረ ማርያም ሲነበብ እየሰማ ያደገ ሰው ግን፥ በላዔ ሰብእ በአንዲት ጥርኝ ውኃ የዳነበትን ነገር ያውቃልና፥ ቸርነት በመጨረሻ ሚዛን እንደሚደፋ ማመን አይከብደውም። ቶሞያ ለፉኮ፥ ለኮቶሚ፥ ለሱኖሃራ ያደረገው ሁሉ ያን ጊዜ ሚዛን ላይ ወጣ እንጂ ደራሲው በድንገት አልራራለትም።

ይህን ሥራ የሠራው ኪዮቶ አኒሜሽን ራሱ የሠፈር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ዮኮ ሃታ የተባለች ሴት ከጎረቤት የቤት እመቤቶች ጋር ሥዕል በመቀባት የጀመረችው ሥራ፥ በኡጂ ከተማ ታላቅ ስቱዲዮ እስከ መሆን ደረሰ፤ የዚህ ሙያ ሰዎች በሥዕል ቍጥር በሚከፈሉበት ሀገር እርሱ ሠዓልያኑን በወር ደመወዝ ቀጥሮ፥ አስተምሮ ያሳድጋል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 2019 አንድ ሰው ከስቱዲዮው ሕንፃዎች አንዱን በቤንዚን አቃጥሎ 36 ሠራተኞችን ገደለ። ይህን ወሬ የሰሙ ወጣቶች፥ የሰማዩን ቀለምና የልጆቹን ዕንባ የሣሉት እጆች እነዚያ እንደ ነበሩ ስለሚያውቁ፥ በሩቅ ሀገር ሆነው ሐዘን ተቀመጡ።

በእኛም ሀገር መንገዱ ተጀምሯል። ብሩክታዊት ጥጋቡ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ብላ በአሻንጉሊት ሕፃናትን አስተምራለች፥ በኋላም «ጥበብ ገርልስ» በተባለው ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሴት ልጆችን ችግር ደፍራ አንሥታለች፤ በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው «የኛ» የሬድዮ ድራማም የአዲስ አበባ ልጃገረዶችን ወዳጅነት ተርኳል። ካና ቴሌቪዥን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ፥ የሀገር ውስጥ ከያንያን ቅሬታ ቢያሰሙም፥ የትርጉም ድምፅ ሙያ በከተማችን ሥር መስደዱ አይካድም። ያ ሙያ ወደ «ክላናድ» ቢመለስ፥ እንግሊዝኛ የማያነቡ እናቶች ከልጆቻቸው ጎን ተቀምጠው ሊያዩት ይችላሉ። ከዚያም ይልቅ የምመኘው፥ አንድ ወጣት ሠዓሊ የሰሚትን ብሎኮች፥ የመገናኛን ባቡር ጣቢያ፥ በመስከረም ገና ባልተሠራበት ቦታ ላይ የሚፈነዳውን አደይ አበባ ሥሎ፥ በሚኒ ሚዲያ ክበብ የተገናኙ የሁለት ተማሪዎችን ታሪክ እንዲነግረን ነው።

ማየት ለሚፈልግ ወላጅ ጥቂት ምክር ልስጥ። ትርኢቱ በጠቅላላው ከ40 የሚበልጡ ክፍሎች ሲኖሩት፥ እያንዳንዱ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ስለ ሆነ፥ በነሐሴ ዕረፍት በየምሽቱ ሁለት ሁለት እያሉ ሊጨርሱት ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ያለው የልጆች ቧልት ረዝሞ ሊያሰለች ይችላል፤ የፉኮ ነገር እስከ 9ኛው ክፍል እስኪያልቅ ይታገሡ፥ ከዚያ በፊት ፍርድ አይስጡ። ከሁለተኛው ሲዝን 16ኛውን፥ 17ኛውንና 18ኛውን ክፍል አንድ ላይ ይዩዋቸው፤ ናጊሳ በሞተችበት ሌሊት ቴሌቪዥኑን ዘግቶ ልጅን ወደ መኝታ መላክ ደግ አይደለምና። ልጁ በዚያ ጊዜ ምንም ባይናገር አይጠይቁት፥ ከእርሱ ጋር ብቻ ይቀመጡ፤ ስለ አባቶች የሚነሣው ጥያቄ ከ18ኛው ክፍል በኋላ ራሱ ይመጣል፥ ያን ጊዜ እርስዎ ከአባትዎ ጋር የነበረዎትን ነገር ሳይቀንሱ ሊነግሩት ይገባል።